የቦዶኒ ፊደል ዓይን ያጠፋል?

የቦዶኒን ስም የማያውቅ ሰው እንኳ መልኩን ያውቀዋል። ቁሙ ወፍራም፣ አግዳሚው እጅግ ቀጭን፣ ጫፎቹ ላይ ስስ ሰረዝ የተዘረጋበት የላቲን ፊደል ነው። የፓሪሱ ዲዶ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ቮግ እና ሃርፐርስ ባዛር የተባሉት መጽሔቶች መልካቸውን ያገኙት ከዚሁ ወገን ነው። ውበቱን ማንም አይክድም፤ ስለ እርሱ የሚወራው ግን አብዛኛው ሊታረም ይገባል።

«ዓይን ይጎዳል» የሚለው ወሬ ቦዶኒን ራሱን ይቀድማል። የበርሚንግሃሙ አታሚ ጆን ባስከርቪል እ.ኤ.አ. በ1757 የቨርጂልን ግጥሞች ሲያሳትም በወፍራሙና በቀጭኑ መስመር መካከል ያለውን ልዩነት ከተለመደው አሰፋው። አንባቢን ሊያሳውር ነው ተባለ። በሙያው አታሚ የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን አንዱን ነቃፊ እንዴት እንደፈተነው በ1760 ለባስከርቪል ጽፎለታል። ከዊሊያም ካስሎን የፊደል ናሙና ላይ ስሙን ቀደደና የባስከርቪል ነው ብሎ ሰጠው። ሰውየው ጉድለቱን ከላይ እስከ ታች እያሳየ፣ ሲያነበው ዓይኑን እንደሚያመው ተናገረ። ካስሎን ግን ሁሉም የለመደው ፊደል ነበር። ሕመሙ የመጣው ቀድሞ ከሰማው ወሬ ነው።

የዚህ ፊደል ፈጣሪ ጣሊያናዊው አታሚ ቦዶኒ ብቻ ነው የሚሉም አሉ። እርሱ ግን በ1768 ፓርማ ገብቶ የመስፍኑን ማተሚያ ቤት ሲረከብ የፈረንሳዊውን የፉርኒየርን ፊደላት ይከተል ነበር። በ1780ዎቹ ደግሞ ፓሪስ ላይ ፊርሚን ዲዶ በዚሁ መንገድ ይሠራ ነበር።

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ግን አንድ ቅርጽ ለሁሉም መጠን ይሆናል ማለት ነው። በእርሳስ ፊደል ዘመን እያንዳንዱ መጠን ለብቻው በእጅ ይቀረጽ ነበር፤ ቦዶኒም ለትናንሾቹ ቀጭኑን መስመር ወፈር ያደርገው ነበር። ኮምፒዩተር ሲመጣ ለርዕስ የተሳለው ፎንት እየተጨመቀ ለገጽ ጽሑፍ ዋለ። በ9 ነጥብ መጠን ሲታተም ቀጭኑ መስመር ይጠፋና ቁሞቹ ብቻ እንደ አጥር ተደርድረው ይቀራሉ። ፊደሉ አይነበብም የሚባለው እንግዲህ በዚህ ነው። የፊደል ነዳፊው ጆናታን ሄፍለር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለሃርፐርስ ባዛር ዲዶን ሲስል ከ6 እስከ 96 ነጥብ ለሰባት መጠኖች ለየብቻ ያዘጋጀው ይህን ተረድቶ ነው።

ለፋሽንና ለሽቶ ብቻ ነው የሚባለውም ልክ አይደለም። ቦዶኒ ሆራስን በ1791፣ ቨርጂልን በ1793 ያሳተመው በዚሁ ፊደል ነው፤ በትልልቅ ገጽ፣ በሰፊ ኅዳግ፣ በጥሩ ወረቀት።

ስለዚህ የሠርግ ጥሪ ወይም የመጽሐፍ ሽፋን የምታሠሩ ሁሉ፣ ይህን ፊደል በትልቁ ተጠቀሙበት። ለገጽ ጽሑፍ ከፈለጋችሁት ለትንሽ መጠን የተሳለውን ፎንት ጠይቁ። በጥቁር መደብ ላይ በነጭ፣ ያውም በትንሹ፣ አታሳትሙት፤ ቀለሙ ይሰፋና ቀጭኑን መስመር ይደፍነዋል።