መርማሪው ማሽን ሲታመም ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

ከቃሊቲ ጉምሩክ ዕቃ ሊያነሳ የወጣ የአንድ አከፋፋይ ፒክአፕ የሞተር መብራት በርቶበት እዚያው አካባቢ ካለ ጋራዥ ገባ እንበል። መካኒኩ ላፕቶፑን ከፍቶ ገመዱን ይሰካል። ማሽኑ ግን ትናንት ማታ አዲስ ሶፍትዌር ተጭኖለት ነበርና ከመኪናው ጋር መገናኘት አልቻልኩም ብሎ ዝም ይላል። ባለንብረቱ እንግዲህ ሁለት በሽተኛ አለበት፤ አንዱ መኪናው፣ ሌላው ሐኪሙ።

ነገሩ የመካኒኮች ጣጣ ቢመስልም ገበያውን ይነካል። ማሽኑ ሲሰንፍ ሥራው ወደ ግምት ይመለሳል፤ አንድ ሴንሰር ይቀየራል፣ ካልዳነ ሌላ ይደገማል። የሶማሌ ተራ ነጋዴ ይሸጣል፣ ደላላው ኮሚሽኑን ይቀበላል፣ መኪናው ግን እንደቆመ ነው። ትልቁ ወጪም የሴንሰሩ ዋጋ ሳይሆን መኪናው ቆሞ የቀረበት የቀናት ገቢ ነው።

ጥፋቱን ለመለየት ማሽኑን ጤንነቱ በታወቀ ሌላ መኪና ላይ መሞከር ይቀድማል። እዚያም ዝም ካለ ፒክአፑ ነፃ ወጣ ማለት ነው። ቀጥሎ ሶኬቱ ነው። በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ለአነስተኛ መኪኖች ግዴታ የሆነው ይህ ሶኬት 16 ቀዳዳዎች አሉት፤ 16ኛው የባትሪውን ፖዘቲቭ፣ 4ኛውና 5ኛው ኔጌቲቩን ይይዛሉ፤ በአብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ 6ኛውና 14ኛው የመልእክት መስመር ናቸው። የማገናኛው ሣጥን መብራት ጨርሶ ካልበራ ሶፍትዌሩን ከመርገም በፊት ፊውዝ ማየት ይበጃል።

መብራቱ ከበራ ፊትን ወደ ላፕቶፑ ማዞር ነው። አዲሱ ሶፍትዌር ሲጫን የቀድሞው ድራይቨር ተነስቶ፣ ወይም አንቲቫይረሱ አንድ ፋይል አግዶ ሊሆን ይችላል። እሱም ደህና ከሆነ የሣጥኑ ፕሮግራም አሮጌ፣ የላፕቶፑ አዲስ ሆኖ አልተግባቡ ይሆናል። ሣጥኑ በሚታደስበት ሰዓት መብራት ቢጠፋ ሣጥኑ እስከ ወዲያኛው ሊሞት ስለሚችል የላፕቶፑን ባትሪ ሳይሞሉ መጀመር ቁማር ነው።

ብዙ የማይወራለት ምክንያት ደግሞ አለ፤ ኮፒ ማሽን። አምራቹ በአዲሱ ሶፍትዌር የኮፒዎቹን መለያ ቁጥር ለይቶ ሊዘጋቸው ይችላል። በርካሽ የተገዛው ማሽን ያን ዕለት የላፕቶፕ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

እርግጥ ማሻሻያ ትልልቆቹንም ይጥላል። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን የዘነጋ የለም። ባንኩ ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተሙ ላይ የተካሄደ ማሻሻያና ፍተሻ መሆኑን ገልጾ፣ ያለአግባብ የተወሰደውን ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር አድርሶት ነበር። ባንክ ግን የሚሮጥለት የባለሙያ ጓድ አለው። ጋራዡ ያለው አንድ ላፕቶፕ ነው፤ የቀድሞውን ሶፍትዌር በሌላ ዲስክ ካላስቀመጠ መመለሻም የለውም።

የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ሊያክም የተነሳ ጋራዥ ያለ ማሽን የትም አይደርስም። ስለዚህ ገዥ ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ሻጩን ይጠይቀው፦ የማሻሻያ መብቱ ለስንት ዓመት ነው? ሲያልቅ ማን ይከፍላል? አዲሱ እምቢ ቢል ወደ አሮጌው መመለስ ይቻላል? መልሱ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ።