ሃያ ባር የተጻፈበት ማሽን ለምን ውሃ ውሃ ይላል?

«ባሩ ስንት ነው?» ለቤቱ የኤስፕሬሶ ማሽን ሊገዛ የተነሳ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው ይህን ሆኗል። ሻጩም መልሱ ከአፉ ነው፤ «ይሄኛው አስራ አምስት፣ ያኛው ሃያ።» ሃያው ይወደዳል፣ ሃያው ይገዛል። ከቆቦ ወጥታ ሳዑዲ ሰው ቤት ስትሠራ የኖረች ልጅ ለእናቷ ስትገዛም፣ አዲስ አበባ ያለ ወንድም ለእህቱ ሲልክም የሚታየው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመው፣ ግፊቱን በባር የሚለካው ቁጥር ነው። በላብ የመጣ ገንዘብ በዚህ ቁጥር ምክንያት ሲባክን ማየት ያንገበግበኛል።

እዚሁ ቆቦ፣ አንድ የማውቀው ቤት ያየሁትን ላንሳ። ቡናው ለጀበና እንደሚደረገው ተቆልቶ በሙቀጫ ተወቀጠ። ባለ ሃያ ባሩ ማሽን ሞቀ፣ ዱቄቱ ባለ እጀታው ማጥለያ ላይ ተደረገ፣ ቁልፉ ተጫነ። ፓምፑ ሲያጓራ ገና አስር ሰከንድ ሳይሞላ ሲኒው ጢም አለ። ቀለሙ ገርጥቷል፣ ከላይ የሚሰፍረው አረፋ ብቅ ብሎ ጠፍቷል፣ ሲቀምሱት ይኮመጥጣል፣ ደግሞም ቀጥኗል። እጀታው ሲነቀል ዱቄቱ ከጎኑ ተቦርብሯል፤ ውሃው በዚያች ቀዳዳ ሾልኮ ወጥቷል፤ በሌላው በኩል ግን ቡናው በወጉ እንኳ አልራሰም። የቤቱ ሰዎች «ማሽኑ ደካማ ነው» አሉ። ጎረቤትም ከዚህ ከፍ ያለ ባር ያለው እንዲገዙ መከረ። ማሽኑ ግን ምንም አልነበረውም። ችግሩ የመጣው ከሙቀጫው ነው።

ባሩ በበዛ ቁጥር ቡናው ይሻላል የሚለው እምነት ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ የጣሊያን ማሽኖች፣ ሉዊጂ ቤዜራ እ.ኤ.አ. በ1901 ያስመዘገበውን ጨምሮ፣ ውሃውን በቡናው ውስጥ የሚገፉት በእንፋሎት ነበር። ግፊቱም ከአንድ ተኩል ባር ብዙም አያልፍም። አኪሌ ጋጂያ የተባለው የሚላኖ ሰው በ1938 የጀመረውን ሥራ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሻሽሎ፣ በሞላ የሚሠራ ባለ ማንሻ ማሽን ሲያወጣ ግፊቱ ወደ 8 እና 9 ባር ከፍ አለ። ዛሬ ክሬማ የምንለው፣ ሲኒው ላይ የሚሰፍረው ወርቃማ አረፋ የመጣው ያኔ ነው። በ1961 የፋኤማ ኩባንያ ኢ 61 የተባለውን ማሽን በኤሌክትሪክ ፓምፕ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ፤ 9 ባርም የኤስፕሬሶ ወግ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ከአንድ ተኩል ወደ ዘጠኝ ሲወጣ ቡናው እንዲህ ከተለወጠ፣ ሃያ ቢሆን ደግሞ ምን ሊሆን ነው ብሎ ያሰበ ሰው አይፈረድበትም።

የሚፈረደው እያወቀ በሚያሳስተው ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው 15 ወይም 20 ቡናው ላይ የሚያርፈው ግፊት አይደለም። ለቤት በሚሠሩት ማሽኖች ውስጥ ያለችው ትንሽ የንዝረት ፓምፕ መውጫዋ ጨርሶ ቢደፈን ልትደርስበት የምትችለው ጣሪያ ነው። ውሃው መፍሰስ ሲጀምር ግፊቱ ይወርዳል። ያችው ባለ 15 ባር ፓምፕ እርካሹ ማሽን ውስጥም፣ ዋጋው ብዙ እጥፍ የሆነው ማሽን ውስጥም ትገኛለች። እንዲያውም ሥራቸውን የሚያውቁ አምራቾች ከ9 ባር በላይ የሆነውን ግፊት አስተንፍሶ ውሃውን ወደ ታንከሩ የሚመልስ ቫልቭ ይጨምሩበታል። ከፍ ያለ ዋጋ ስትከፍሉ አንዱ የምትከፍሉለት ነገር ግፊቱን ዝቅ ለማድረግ ነው ማለት ነው። እውነተኛ 20 ባር ዱቄቱ ላይ ቢያርፍ ቡናውን ደፍጥጦ ወይ ይደፍነዋል፣ ወይ ይሰነጥቀዋል። በቅርብ ዓመታት በ6 ባር የሚያወጡ ባሪስታዎችም መጥተዋል። ስድስቱ ይሻላል ወይስ ዘጠኙ በሚለው ላይ እኔም ቁርጥ ያለ ነገር ለመናገር አልደፍርም፤ እንደ ቡናውና እንደ ምላሱ ይለያያል። ክርክሩ ግን ወደ ታች ነው እንጂ ወደ ላይ አይደለም።

ግፊትን ፓምፕ ብቻውን አይፈጥረውም፤ የሚገታው ነገር ሊኖር ይገባል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከጉድጓድ ውሃ እየሳበ ማሳውን የሚያጠጣ ገበሬ ይህን ለማንም ያስተምራል፦ ሞተሩ የቱንም ያህል ጉልበታም ቢሆን የቱቦው አፍ ክፍት ከሆነ ውሃው ይፈሳል እንጂ አይወረወርም። አፉን በአውራ ጣት ሲያጠቡት ነው የሚወረወረው። በኤስፕሬሶ ያንን የአውራ ጣት ሥራ የሚሠራው የቡናው ዱቄት ነው። ደቃቅና እኩል ተፈጭቶ፣ ተደልድሎ ከተጠቀጠቀ ውሃውን ይይዘዋል፤ ግፊቱም ይመጣል። የሙቀጫ ቡና ግን ከፊሉ ብናኝ፣ ከፊሉ ፍንካች ነው። ውሃው ብናኙን ትቶ በፍንካቹ መካከል መንገድ ያበጃል። ለጀበና ይህ ምንም ችግር የለውም፤ ዱቄቱ ውሃ ውስጥ ሆኖ ስለሚፈላ፣ ጊዜም ስለሚሰጠው ከደቃቁም ከፍንካቹም ጣዕሙ ይወጣል፣ ከዚያ ይሰክናል። ኤስፕሬሶ ግን ያለው ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ብቻ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ 18 ግራም ዱቄት ወደ 36 ግራም የሚጠጋ ቡና እንዲሰጥ ይጠበቃል፤ ከዚህ በጣም ከፈጠነ ዱቄቱ ሻካራ ነው፣ ጠብ ጠብ እያለ ከዘገየ ደግሞ ከልክ በላይ ደቋል።

ስለዚህ ለማሽን የተመደበ ገንዘብ ካለ አስቀድሞ መፍጫው ይገዛ። በሚሽከረከር ምላጭ የሚከታትፈው ዓይነት ከሙቀጫው ብዙም አይሻልም። የሚፈለገው ቡናውን በሁለት ጥርሶች መካከል አሳልፎ የሚፈጭ፣ ልኩም በትንሽ በትንሹ ወደ ደቃቅና ወደ ሻካራ የሚዞር ነው። በእጅ የሚዞረው ዓይነት አለ፤ ከኤሌክትሪኩ ይረክሳል፣ መብራት ሲጠፋም አይቆምም። መካከለኛ ማሽን ከጥሩ መፍጫ ጋር፣ ውድ ማሽን ከሙቀጫ ጋር ከሚሰጠው ቡና እጅግ ይበልጣል። ይህን ለገዢ የሚነግር ሻጭ ግን ብዙም አላጋጠመኝም፤ ቁጥሩን ማስነበብ ይቀላልና። በስልካችን የሚመጡት ቪዲዮዎችም አብዛኞቹ ያንኑ ካርቶን ጮክ ብለው የሚያነቡ ናቸው። በሰው ገንዘብ እንዲህ መቀለድ ነውር ነው።

መፍጫ ለጊዜው ካልተቻለስ? ከዋናው መንገድ ዳር ካሉት ማኪያቶ ቤቶች ለማሽን የተፈጨ ቡና በትንሹ መግዛት ይቻላል፤ በጥቂት ቀን ጠረኑ ስለሚጠፋ ብዙ አይገዛም። ማሽኑ ደግሞ ድርብ ወለል ያለው ማጥለያ ይኑረው። ከሥሩ ገልብጣችሁ ስታዩት እንደ ወንፊት ሳይሆን አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ያለችው ነው። ያቺ ቀዳዳ ቡናው የማይሰጠውን ግፊት በግድ ትፈጥራለች፤ አረፋም ታወጣለች። ለጀማሪ ደህና ነገር ነው። ብቻ ያ አረፋ ከቀዳዳዋ እንጂ ከቡናው ጥራት እንዳልመጣ ይታወቅ።

ሌሎቹን አፈ ታሪኮች ደግሞ ቶሎ ቶሎ እንያቸው።

«ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ይበልጣል።» ለአሜሪካ ቤት የተሠራ ማሽን የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 ነው። በቀጥታ ከተሰካ ማሞቂያው ከተሠራለት ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል፤ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ይሠራል ቢባልም ለ1300 ዋት ማሽን የሚሆነው ከባድም ውድም ነው። ከሳዑዲ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ይስማማል፤ ሆኖም እዚያም በ127 ቮልት የሚሠሩ የቆዩ ዕቃዎች ስላሉ ማሽኑን ገልብጦ ከሥሩ የተለጠፈውን ማንበብ ነው።

«ኤሌክትሪክ ይበላል።» ከ1000 እስከ 1500 ዋት ቢስብም የሚስበው ለደቂቃዎች ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ እየሳበ ለረጅም ሰዓት ይጋገርበታል። ማሽኑን የሚጎዳው ሌላ ነው፤ የጠፋው መብራት ሲመለስ የሚመጣው የተዘበራረቀ ኃይል። መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ ንቀሉት።

«ውሃውን በነጠላ ማጥለል ይበቃል።» ይህኛው ከባሩ ቀጥሎ ማሽን የሚገድል እምነት ነው። ጨርቅ አሸዋና ዝቃጭ ይይዛል፤ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ካልሲየምና ማግኒዥየም ግን አይዝም። የከርሰ ምድር ውሃ በድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ይህንን ይዞ ይመጣል፤ ሲሞቅም ነጭ የኖራ ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል። ማንቆርቆሪያችሁን ከውስጥ እዩት፤ እዚያ የተጋገረው ማሽኑ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥም ይጋገራል፤ መጀመሪያ ፍሰቱን ያቀጥናል፣ ኋላ ይደፍነዋል። ውሃውን አስቀድሞ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ከላይ ከላይ ቀድቶ መጠቀም ከኖራው ከፊሉን ያስቀራል። ሲትሪክ አሲድ በውሃ በጥብጦ በየጊዜው በማሽኑ ውስጥ ማሳለፍና በንጹህ ውሃ ደጋግሞ ማጠብም ያስፈልጋል። የማሽኑ መመሪያ የሚከለክለው ከሆነ ግን መመሪያው ይከበር።

«አሁን የተቆላ ቡና ከሁሉ ይበልጣል።» ለጀበና አዎ፣ ጭሱ ሳይበርድ ይወቀጥ። ለኤስፕሬሶ ግን ገና የተቆላ ቡና በውስጡ ብዙ ጋዝ ይዟል፤ ያ ጋዝ ውሃውን እየገፋ ፍሰቱን ያዛባል፣ ክሬማውንም ጉም ያደርገዋል። ከቆሉት በኋላ ከአምስት እስከ አስር ቀን በተከደነ ዕቃ ቢቀመጥ ይሻላል። እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ ፊታቸው እንደሚከፋ አውቃለሁ፤ የቡናው አቀራረብ ስለተለየ እንጂ እነሱ ስለተሳሳቱ አይደለም።

«መብራት ከሌለ ኤስፕሬሶ የለም።» በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ጊዜ ለወራት ያለ መብራት ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። በእጅ የሚጫን ባለ ማንሻ መሣሪያ ግን አለ፤ ክንድ ብቻውን ከ6 እስከ 9 ባር ይሰጣል፣ የሚበላሽ ፓምፕ የለውም፣ ቱቦው በኖራ አይደፈንም። የሚፈልገው የፈላ ውሃና በወጉ የተፈጨ ዱቄት ነው። እዚህ ላይ የቆቦ ከፍታ ያግዛል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1470 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ወደ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፤ ለኤስፕሬሶ የሚፈለገው ደግሞ ከ90 እስከ 96 ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትር ሳያስፈልግ ከከሰሉ ላይ እንደወረደ ማፍሰስ ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ወደ 92 ዲግሪ ስለሚፈላ መሣሪያውን አስቀድሞ በፈላ ውሃ ማሞቅ የግድ ነው።

ይህም ከበዛ ሞካ አለ፤ አልፎንሶ ቢያሌቲ በ1933 ያስተዋወቃት ባለ ሁለት ክፍሏ የአሉሚኒየም ማፍያ። የምትሰጠው ግፊት ከአንድ እስከ ሁለት ባር ነው፤ ስለዚህ ኤስፕሬሶ አይባልም። ከወተት ጋር ግን ወፍራም፣ ደስ የሚል ቡና ይወጣታል። ዱቄቱ ከማሽኑ ትንሽ ሻከር ይበል፣ እንደ ማሽኑም አይጠቅጠቅ። ውሃው በጎኗ ካለችው የደህንነት ቫልቭ በላይ እንዳይሞላ። ከሰሉም ለስለስ ያለ ይሁን፤ ቡናው ላይኛው ክፍል ገብቶ መንተክተክ ሲጀምር ሳይዘገይ ይውረድ።