ቃሉ ሳይጠፋ ትእዛዙ ሲጠፋ



በወሎ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበትና ወንጌል አስጽፈው የሰጡት የመጻሕፍት ቤት መሆኑ የታወቀ ነው። ወንጌሉ አንዲት ፊደል ሳትጎድለው ቢቀመጥ እንኳ፣ የዕለቱን ምንባብ የሚያመለክተው ግጻዌ ከተበላሸ፣ በበዓሉ ቀን የሚገባው ቃል ሳይሰማ ይቀራል።

የሕያዋን ፍጥረታትም ነገር እንደዚሁ ነው። በእያንዳንዱ የሰውነት ሕዋስ ውስጥ ከወላጅ የተወረሰ ጽሑፍ አለ፤ ለሰውነት ሥራ የሚነበበው ክፍል ጂን ይባላል። የልብና የዓይን ሕዋስ የያዙት ጽሑፍ አንድ ሲሆን፣ ልብ የራሱን ድርሻ ለይቶ የሚያነበው፣ «ይህ ጂን በዚህ ሥፍራና በዚህ መጠን ይነበብ» የሚሉ፣ ኤንሃንሰር የተባሉ ክፍሎች እንደ ግጻዌ ስለሚመሩት ነው።

የኤንሃንሰር ሥራ በይበልጥ የሚታወቀው ሲጎድል ነው። ስለዚህ ሊቃውንት ጽሑፉን ሆን ብለው ይለውጡታል፤ ይህም ሚውታጀነሲስ ይባላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በታተመ ጥናት፣ ተመራማሪዎች የልብ ጡንቻ በሚኮማተርባቸው ጂኖች አጠገብ ያሉ ሁለት ኤንሃንሰሮችን ከአይጦች አስወገዱ። ጂኖቹ አልተነኩም፤ ንባባቸው ግን ተለወጠ፤ የአይጦቹም ልብ የሰውን የልብ ሕመም የሚመስል ምልክት አሳየ። እንግዲህ የልብ ሕመም በዘር በሚወርድበት ቤተ ሰብ፣ ጂኑ ደኅና ነው በማለት ብቻ ምርመራው ሊዘጋ አይገባም።

ለዚህ የሚቀርብ ምስክር በአገራችን ገብስ ላይ ይገኛል። ቅጠልን እንደ ዱቄት የሚያለብስ የሻጋታ በሽታ አለ፤ ሻጋታው የሚገባው ኤምኤልኦ በተባለ ጂን ረዳትነት ነው። በ1942 የጀርመን ሊቃውንት ገብስን በራጅ ጨረር መትተው በሽታው የማይዘው ዘር አገኙ፤ የተበላሸው የጂኑ ቃል ነበር። ቀደም ብሎ በ1937 እና በ1938 ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ ገብስም ይኸው ብርታት ተገኘ። በ2004 በታተመ ጥናት እንደ ታወቀው ግን፣ የኢትዮጵያው ገብስ ጂን ቃሉ ሙሉ ነው፤ ከፊቱ የራሱ መጀመሪያ እየተደጋገመ ስለ ተጨመረ፣ ንባቡ ታወከ እንጂ። በቤተ ሙከራ ጨረር ቃሉን ሰበረ፤ በገበሬያችን ማሳ ተፈጥሮ ትእዛዙን አወከች፤ ፍሬያቸው ግን አንድ ሆነ። ይህም የኢትዮጵያ ውርስ ወደ አውሮፓ የገብስ ዘሮች ገብቷል።

ስለዚህ፣ አድማጮች ሆይ፣ በደጋው ገበሬ ጎተራ ያለው ዘር ገና ተነቦ ያላለቀ መጽሐፍ ነውና፣ እንደ ሐይቅ መጻሕፍት ሊጠበቅ ይገባዋል።