ሞተሩ ሲለወጥ ፍሬኑን ማን ያስባል?

የማረቆ በርበሬ በመላው ኢትዮጵያ ገበያ ስሙ የታወቀ ምርት መሆኑ ለነጋዴዎች ሁሉ የተሰወረ አይደለም። ይህ ምርት ከቆሼ ተነሥቶ በአንድ ወገን ወደ ቡታጅራና ወደ አዲስ አበባ፣ በሌላ ወገን ወደ ባቱ፣ ማለት ወደ ዝዋይ ይጓዛል። ስለ በርበሬው ዋጋ፣ ስለ ድርቀቱና ስለ ቀለሙ ብዙ ይነገራል፤ ስለሚሸከመው መኪና፣ በተለይም ስለ ፍሬኑ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ጭነት ከገበያ በደኅና የሚደርሰው መኪናው በመሄዱ ብቻ ሳይሆን በሚፈለግበት ቦታ በመቆሙም ጭምር ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ብዙ ዘመን ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። ስለዚህ በእጅ ያለውን መኪና አድሶ መገልገል ለብዙ ነጋዴ የተሻለ መንገድ ሆኖ ይታያል። ሞተሩ ያረጀ እንደ ሆነ ሞተሩ ይለወጣል፤ በቤንዚን ይሠራ የነበረውም ለጭነት ጉልበት እንዲኖረውና ነዳጅ እንዲቆጥብ በናፍጣ ሞተር ይተካል። ይህ ሥራ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው ሞተሩን ለውጦ ሞተሩ ለፍሬን ይሰጥ የነበረውን ርዳታ መርሳት ነው።

አንድ የቆሼ በርበሬ ነጋዴ በምሳሌነት ቢወሰድ ነገሩ በግልጽ ይታያል። ይህ ሰው የአሮጌ ፒካፑን የቤንዚን ሞተር አስወጥቶ ያገለገለ የናፍጣ ሞተር አስገባ እንበል። መኪናው በደንብ ይነሣል፤ ዳገቱንም ያለ ችግር ይወጣል። በሦስተኛው ቀን ሾፌሩ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል፤ በሁለት እግሬ ካልረገጥሁት አይቆምም» ይለዋል። ነጋዴውም፣ «ሸራው ይሆናላ ልጄ፤ ይለወጥ» ብሎ ያዛል። ሸራው ይለወጣል፤ የፍሬኑ ዘይት ይለወጣል፤ በመጨረሻም የፍሬኑ ፖምፓ ይለወጣል። ፔዳሉ ግን እንደ ጠነከረ ይቀራል። ገንዘቡ የወጣው ሕመሙ በሌለበት ቦታ ነውና።

ምክንያቱ የሚከተለው ነው። በፔዳሉና በፍሬን ፖምፓው መካከል ከበሮ የመሰለ ዕቃ አለ፤ ሰርቮ ወይም ቡስተር ይባላል። ከበሮው በላስቲክ ሽፋን ለሁለት የተከፈለ ሲሆን፣ ሞተሩ ከሁለቱም ክፍሎች አየሩን በቱቦ ይስባል። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ በአንደኛው ክፍል የውጭ አየር ይገባል፤ የሁለቱ ክፍሎች የግፊት ልዩነትም እግሩን ያግዘዋል። ይህ የአየር መጉደል ቫኪዩም ተብሎ ይጠራል። የቤንዚን ሞተር ነዳጅ ሳይሰጠው ሲሠራ የአየር መግቢያው ስለሚዘጋ ቫኪዩምን ራሱ ይፈጥራል። የናፍጣ ሞተር ግን አየር መግቢያው እንዲህ ስለማይዘጋ በቂ ቫኪዩም አይፈጥርም፤ ስለዚህ የቫኪዩም ፖምፓ ያስፈልገዋል። ይህም ፖምፓ በብዙ ሞተሮች ላይ ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመ ነው። ሞተሩ ያለዚህ ፖምፓ ከተገዛ፣ ወይም ዲናሞው ፖምፓ በሌለው ከተተካ፣ ሰርቮው ያለ ርዳታ ይቀራል ማለት ነው።

የቤንዚን ሞተርም ቢሆን ሲሻሻል ቫኪዩሙ ሊቀንስ ይችላል። ለፍጥነት ተብሎ ካምሻፍቱ በሌላ ሲተካ ባልቮላዎቹ አብረው ተከፍተው የሚቆዩበት ጊዜ ይረዝማል፤ በዝግታ ሲሠራም የሚስበው አየር ያንሳል። የካንዴላው እሳት መዘግየት፣ የፒስተን ፋሻ ማለቅ፣ የባልቮላ መቃጠል፣ የጓርኒሲዮን ማስተንፈስና የቱቦ መሰንጠቅም ውጤታቸው ይኸው ነው።

በዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ አለ። በባሕር ጠረፍ ጤናማ የቤንዚን ሞተር በመለኪያ ሰዓት ላይ ከ18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል። ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ግን ንባቡ በ1 ኢንች ያህል ይቀንሳል። ቡታጅራ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ በዚያ ከ11 እስከ 14 ኢንች የሚያሳይ ሞተር ጤናማ ሊሆን ይችላል። ይህን ያላወቀ መካኒክ የፋብሪካውን መጽሐፍ ብቻ አይቶ ደኅናውን ሞተር ያፈርሳል። በሌላ በኩል በባሕር ጠረፍ በመጠኑ የሚደክም የተሻሻለ ሞተር በደጋ አገር ለፍሬኑ የሚበቃ ቫኪዩም ላይኖረው ይችላል።

እንግዲህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ፔዳሉ ምን እንደሚናገር መስማት ይገባል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ በፍሬኑ ዘይት ውስጥ አየር ገብቷል። ተረግጦ ሳለ ቀስ እያለ ከወረደ ፖምፓው አሳልፏል ወይም ዘይት ይፈስሳል። ከጠነከረ ግን በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት ቫኪዩሙና ሰርቮው ናቸው።

ይህን ለማረጋገጥ መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ፣ ጎማው በድንጋይ ተደግፎ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ አምስት ጊዜ ያህል ይረገጣል። ከዚያም እግርን ሳያነሡ ሞተሩን ማስነሣት ነው። ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ካለ ርዳታው ይደርሳል፤ ካላለ አይደርስም። ሁለተኛው ፈተና ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ አሠርቶ ማጥፋትና ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መርገጥ ነው። የመጀመሪያው ርግጫ ከጠነከረ፣ አየሩን በአንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ ወይም ቱቦው ያስተነፍሳል። ከዚያ በኋላ የመለኪያውን ሰዓት በሰርቮው ቱቦ ጫፍ አያይዞ ማንበብ ነው፤ በዚያ ደኅና ንባብ እያለ ፔዳሉ ከጠነከረ የተበላሸው ሰርቮው ራሱ ነው።

መድኀኒቱም በተራ ይሰጣል። በመጀመሪያ የሚያስተነፍሰው ይዘጋል፤ ቀጥሎ የሞተሩ እሳት ይስተካከላል። የናፍጣ ሞተር ከሆነ ፖምፓው መኖሩ፣ ዘይት መድረሱና የዲናሞው ቀበቶ መጥበቁ ይታያል። ካምሻፍቱ የተለወጠበት ሞተር ይህ ሁሉ ተደርጎለትም ካልበቃው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቫኪዩም ፖምፓ ይጨመርለታል። የቫኪዩም ማጠራቀሚያ በርሜል ብቻ መግጠም ለጥቂት ርግጫ የሚሆን ትርፍ ያስቀምጣል እንጂ የደከመውን ቫኪዩም አያበረታም።

አንድ ክፉ ልማድም አለ። አንዳንድ ነጂዎች ነዳጅ ለመቆጠብ በቁልቁለት ማርሽ አውጥተው በፎሌ ይወርዳሉ፤ ሞተሩን እስከ ማጥፋት የሚደርሱም አሉ። ሞተሩ ሲጠፋ በሰርቮው ውስጥ የሚቀረው ርዳታ ለሁለት ወይም ለሦስት ርግጫ ብቻ የሚበቃ ነው። ከዚያ በኋላ ጭነቱን ሁሉ የሚይዘው የነጂው እግር ብቻ ይሆናል። ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ መንገዱ እየወረደ ይሄዳል፤ በገበያ ቀንም ዳርና ዳሩ በሰው፣ በአህያና በጋሪ የተሞላ ነው። በዚያ መንገድ የሚቆጠበው ናፍጣ ለአንድ ሰው ሕይወት ዋጋ አይሆንም።

ይህ ጉዳይ የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የነጋዴም ነው። ሞተር የሚያስመጣ ሰው ፖምፓውን ከነዲናሞው አብሮ ቢያስመጣ ዕቃው ሙሉ ይሆናል፤ ደንበኛውም ይተማመንበታል። ባለ ሱቁ ተራ የነዳጅ ቱቦን በቫኪዩም ቱቦ ስም መሸጥ አይገባውም፤ ሞተሩ አየሩን ሲስብ ቀጭኑ ቱቦ ተጣብቆ ይዘጋልና። ባለ መኪናው ደግሞ ሞተር ሲገዛ «ስንት ፈረስ ጉልበት አለው?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ «የፍሬኑ ቫኪዩም ከየት ይመጣል?» ብሎ ይጠይቅ። የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የተመዘገበ ስለ ሆነ ለውጡን ማስመዝገብና ፍሬኑን ማስመርመር የዓመቱን ቦሎ ሳይጠብቁ የሚደረግ ሥራ ነው።

በምሳሌው የተነሣው ነጋዴ ለሸራ፣ ለዘይትና ለፖምፓ ያወጣው ገንዘብ ፔዳሉን አላለሰለሰለትም፤ የጎደለው አንድ የቫኪዩም ፖምፓ ነበር። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ሾፌር ፍሬኑ ጠነከረብኝ ሲል የሚሰማው ጌታ ንብረቱንም፣ ሰውንም፣ ስሙንም ያድናል።