ሚዛኑ ሰነዱን ሲክደው

ሳሪስ አቦ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው «ኮንትሮባንድ» ሲባል ዓይኑ የሚሄደው በደብረ ዘይት መንገድ ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ ወደሚወርደው የጭነት መኪና ነው። ከቦሌ እያጓራ የሚነሳው አውሮፕላን ትዝ አይለውም። በሰማይ የሚሄደው ኮንትሮባንድ ግን መጠኑ ትንሽ፣ ዋጋው ብዙ ነው፦ ወርቅ፣ ኮኬይን፣ የዝሆን ጥርስ።

ሻንጣው በኤክስሬይ ሲያልፍ መሣሪያው ዕቃውን አያውቀውም። የሚያውቀው ስንቱ ጨረር እንዳለፈና ስንቱ ተውጦ እንደቀረ ነው። ደካማውና ብርቱው ጨረር ለየብቻ ይለካሉ፤ ሁለቱ ሲነጻጸሩ ዕቃው ከቀላል ወይም ከከባድ አተሞች መሠራቱ ይገመታል። ካርቦን የበዛበት ብርቱካናማ፣ ብረት ሰማያዊ፣ መካከለኛው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ስለሚከብድ ጨረሩን ውጦ ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ እሱስ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ብርቱካናማው ነው። እናት ፌስታል በፌስታል ላይ ደርባ፣ አፉን ጥብቅ አድርጋ ያሰረችው በርበሬ ብርቱካናማ ነው፤ ሽሮውም፣ ድርቆሹም። ኮኬይንም እንደዚያው። ስለዚህ ውሻ ይጠራል። የሰው አፍንጫ 6 ሚሊዮን ገደማ የሽታ ተቀባይ ሲኖረው የውሻ እስከ 300 ሚሊዮን ይደርሳል።

አማርኛችን ለዝሆን ጥርስ ስሙን በትክክል ነው ያወጣለት፤ ቀንድ ሳይሆን የላይኛው የፊት ጥርስ ነው። ዓለም አቀፍ ንግዱ እንዲታገድ የተወሰነው በ1982 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያም በመጋቢት 2007 ዓ.ም. በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል 6.1 ቶን፣ በእኛ አቆጣጠር 61 ኩንታል፣ አቃጥላለች። አዘዋዋሪው ግን ዘዴ አያጣም፤ «የማሞዝ ጥርስ ነው» ይላል፣ ከምድር የጠፋው ማሞዝ በእገዳው ዝርዝር ውስጥ የለምና። መልሱ በአጉሊ መነጽር ይገኛል። ጥርሱ በአግድም በተቆረጠበት ገጽ ላይ፣ ወደ ጠርዙ ጠጋ ብሎ፣ ቀጫጭን መስመሮች ይጠላለፋሉ። የሚሠሩት ማዕዘን ከ115 ዲግሪ ከበለጠ ዝሆን፣ ከ90 ካነሰ ማሞዝ ነው።

ቦሌ መሸጋገሪያ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። ከአንድ የአፍሪካ አገር ወደ እስያ የሚሄድ ጭነት ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን ሲዛወር ሁሉን ከፍቶ ማየት አይቻልም። የቱ ይከፈት የሚለው ከሰነዱ ይጀምራል። አንድ ሣጥን እንበል፤ ሰነዱ «የእንጨት ቅርጻ ቅርጽ» ይላል። አብዛኛው እንጨት ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ የዝሆን ጥርስ ግን ከውሃ 1.8 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ሣጥኑ ሚዛን ላይ ሲወጣ እንጨት ሊመዝን ከሚችለው እጥፍ ከሆነ ክዳኑ ይነሳል።