ልጆችን ይዞ፣ እየቀመሱ፣ በአዲስ ቅዳም

በአዲስ አበባ፣ አስጎብኚ እየመራቸው ከምግብ ቤት ወደ ምግብ ቤት በእግር እየዞሩ ሽሮውንና ክትፎውን የሚቀምሱ የውጭ አገር እንግዶችን ማየት አዲስ አይደለም። እኛስ የራሳችንን ልጆች እንዲህ ብናዞራቸው?

ለዚህ ከሚመቹት አንዷ አዲስ ቅዳም ናት። የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ በእንጅባራና በዳንግላ መካከል ትገኛለች። የባሕር ዳር መንገደኛ ግን በመስኮት አይቷት ያልፋል። ስሟ እንደሚናገረው ቀኗ ቅዳሜ ነው፤ ወቅቱ ጾም ካልሆነ ወተቱም ቅቤውም ይገኛል።

ከእህል ተራ ይጀምሩ። ጤፉንና ገብሱን ልጆች በእጃቸው ይዝገኑት። ቀጥሎ ድንች ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር በ1858 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን እንዳስገባው የሚነገርለት ድንች፣ ዛሬ ለአዊ ደጋ ገበሬ ቀለብም ገቢም ነው። ትኩሱን ቅቅል በሚጥሚጣ ይሞክሩት። መጨረሻው ቡና ይሁን፤ የአካባቢው ገበሬ ለከሰል የሚሆነውን ዲከረንስ በብዛት ሲተክል ቆይቷል።

መሪው አገውኛ የሚናገር፣ ገበያተኛው የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ቢሆን ይመረጣል። ልጆች የእህሉን ስም ከሻጯ አፍ ይሰማሉ።

«ቅመሱ» ማለት የአገራችን ደግነት ነው። ይሁንና ገበያ የወጣች እናት ጨውና ዘይት የምትገዛው ከዚያችው እንቅብ ነው። ስለዚህ የቀመሱትን ይክፈሉ፤ የመሪውንም ዋጋ አስቀድመው ይነጋገሩ። ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅም አይርሱ።