የሕይወት ታሪካችንን ማን ይጽፈዋል?

በአገራችን ከቀብር ሥነ ሥርዓት የማይቀር አንድ ጽሑፍ አለ። የሕይወት ታሪክ ይባላል። አንድ ዘመድ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ያነባል። ሟች ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት በዚህ ዓመተ ምሕረት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ፊደል ቆጠሩ፤ በእነዚህ መሥሪያ ቤቶች በቅንነት አገለገሉ፤ ትዳር መሥርተው ይህን ያህል ልጆች አፈሩ፤ ባደረባቸው ሕመም በአገር ውስጥና በውጭ አገር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሁሉም ሟች ደግ፣ ትሑት፣ ሰው አክባሪና ለተቸገረ ደራሽ ነው። ስሙን ቀይሮ ለሌላ ሟች ቢያነቡት ከለቀስተኛው መካከል የሚነቃ ይኖራል ብዬ አላምንም።

ለነገሩ ጸሐፊው ቢፈረድበትም አግባብ አይደለም። ወረቀቱ የሚዘጋጀው በአንድ ሌሊት፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ድንኳን እየተተከለ፣ የዕድር ጥሩምባ እየተነፋ ነው። «ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም» የሚል ብሂል ያለው ሕዝብ፣ ዕድሜ ልክ የዘገየውን ምስጋና በአንድ ገጽ ሊከፍል ይሞክራል። ችግሩ ሌላ ነው። ስለ ሟቹ የሚነበበው ብቸኛ ጽሑፍ፣ ሟቹ አንድ ቃል ያላዋጣበት መሆኑ ነው።

ሟቹ ራሱ ሊጽፈው የሚችል ሌላ ሰነድ ግን አለ። ኑዛዜ ይባላል። መኪናውን ያለ ኢንሹራንስ ከግቢ የማያወጣው የከተማችን ምሁር፣ ኑዛዜ ሲባል «ሟርቱን ተወው» ብሎ ወሬ ይለውጣል። ይህን የሚሉ ጠበቆችንም አውቃለሁ።

በሬኔ ዳቪድ አርቃቂነት ተዘጋጅቶ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሦስት ዓይነት ኑዛዜዎችን ያውቃል። የመጀመሪያው በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ነው። ተናዛዡ ራሱ ሊጽፈው፣ ወይም እሱ እየተናገረ ሌላ ሰው ሊጽፍለት ይችላል፤ ነገር ግን በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ፣ መነበቡም በራሱ በኑዛዜው ላይ ካልተገለጸ፣ ወዲያውኑም ካልተፈረመበት ፈራሽ ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ሁለተኛው ተናዛዡ በገዛ እጁ የሚጽፈው ሲሆን፣ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ ሊነገርበት፣ እያንዳንዱ ገጽም ቀንና ፊርማ ሊኖረው ይገባል። ይህ ዓይነቱ ኑዛዜ በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ሣጥን ግርጌ የተቀበሩ ስንት ኑዛዜዎች በዚህ ምክንያት ወረቀት ብቻ ሆነው እንደሚቀሩ መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው። ሞቱ መቃረቡን ያወቀ ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ሲሆን፣ ሕዝባችን ኑዛዜ ሲባል በአእምሮው የሚመጣለትም ይኸው ነው። አባት አልጋ ላይ ሆኖ፣ ልጆቹ ከበውት፣ «ቤቱን ለእገሌ» ሲል። ሕጉ ግን በቃል ኑዛዜ ቤት ማውረስን አይፈቅድም። የሚፈቅደው ስለ ቀብር ሥርዓት ማዘዝን፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት መሰየምንና እያንዳንዱ ከአምስት መቶ ብር የማይበልጥ ስጦታን ብቻ ነው። አምስት መቶ ብር በ1952 ዓ.ም. ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ ግን አንድ ጥሩ ምሳ መጋበዙንም እንጃ። ሟቹ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ደግሞ ቃሉ ከነጭራሹ ይሻራል።

ልጆቹ ይህን የሚያውቁት ከአርባው ቀን በኋላ ነው። አንዱ ወንድም «አባባ በአፉ ብሎኛል» ይላል፤ ሌላው «በሕግ አምላክ» ይላል፤ የውርስ አጣሪ ይሾማል፤ ክርክሩ ከመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ ሰበር ሰሚ ችሎት ሊዘልቅ ይችላል። በቀብሩ ዕለት «ልጆቹን በፍቅር አንጾ ያሳደገ» ተብሎ የተነበበለት አባት ስሙ በሌላ መዝገብ ላይ ይነሳ ጀመር ማለት ነው። በእኔ እምነት ኑዛዜ የማይጽፍ ሰው የሚያወርሰው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ክርክር ነው።

ኑዛዜ የንብረት ዝርዝር ብቻ ተደርጎ መታየቱም ስሕተት ነው። ሕጉ ልጁን ከውርስ የሚነቅል ወላጅ ምክንያቱን በኑዛዜው ውስጥ እንዲጽፍ ያስገድዳል፤ ምክንያት ካልተጻፈ መንቀሉ አይጸናም። ልብ በሉ፤ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ልጁ አባቱን ዕድሜ ልኩን የሚያስታውስባት ልትሆን ትችላለች። በአንጻሩ አሥር ዓመት ሙሉ ያስታመመችን የቤት ሠራተኛ በስም ጠርቶ የሚያመሰግን፣ ጥቂትም ቢሆን የሚተውላት ሰው፣ ማንም የወንድም ልጅ በአንድ ሌሊት ሊጽፍለት የማይችለውን የሕይወት ታሪክ ራሱ ጻፈ ማለት ነው።

ኑዛዜ ሁሉን ያዛል ማለቴ ግን አይደለም። በአገራችን ታሪክ ከታወቁት ኑዛዜዎች አንዱ ዐፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ ያደረጉበት ነው። ቃላቸውን በሚያፈርስ ላይ ብርቱ እርግማን ተቀምጦበት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው እንኳ ለሕዝብ ሳይነገር ቆየ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላም በ1909 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ። እርግማን የፍርድ ቤት ማኅተም አይሆንም።

መታሰብን ራሱን የተነፈጉም አሉ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1967 ዓ.ም. ነሐሴ ሞቱ ተብሎ ሲነገር ፍትሐትም ቀብርም በወጉ አላገኙም። አፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ የወጣው በ1984 ዓ.ም.፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ደግሞ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ልጆቻቸውን ያጡ ብዙ እናቶች ማልቀስ ተከልክለው ነበር። በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የመታሰቢያ ሙዚየም ለእነዚያ እናቶች ሠላሳ ዓመት ያህል ዘግይቷል። የሕይወት ታሪኩ ቢመሳሰልም ባይመሳሰልም ቆሞ የሚያነብ ዘመድና ተቀምጦ የሚሰማ ለቀስተኛ ማግኘት ራሱ ቀላል ነገር አለመሆኑን ያኔ አይተናል።

ወደ ተዝካር ልመለስ። አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት፣ ሰባት ዓመት እየተባለ ስንት ቤተሰብ ተበድሯል። ሕግ አውጪው ይህን ያሰበበት ይመስላል፤ የቀብር ወጪ ከውርሱ ላይ ከሌሎች ዕዳዎች ሁሉ በፊት የሚከፈል ሲሆን፣ እሱም ከሟቹ የኑሮ ደረጃ ጋር የተመጣጠነ እስከሆነ ድረስ ነው፤ የተዝካር ወጪ ግን ከቀብር ወጪ አይቆጠርም። ደጋሹ ከኪሱ ይደግስ ማለት ነው። ይህን ድንጋጌ የሚያውቅ ደጋሽ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ቢያውቅስ ጎረቤት ምን ይለኛል ከማለት ያድነዋል ወይ?

ዛሬ ደግሞ የ1952ቱ ሕግ ያላሰበው ሌላ ውርስ መጥቷል። የሠርግ ፎቶግራፉ፣ የልጆቹ ቪዲዮ፣ የሃያ ዓመት ደብዳቤው ሁሉ ስልክና ኢሜይል ውስጥ ነው፤ የይለፍ ቃሉ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አካውንቱ ሥራ ሲፈታ ማን እንዲረከበው ባለቤቱ አስቀድሞ እንዲወስን ፈቅዷል፤ ፌስቡክም እ.ኤ.አ. በ2015 ከሞት በኋላ ገጹን የሚጠብቅ ሰው መሰየም እንዲቻል አድርጓል። ሁለቱም ሩብ ሰዓት አይፈጁም፤ አራት ምስክርም አይጠይቁም። ይህ ሳይደረግ ሲቀር የሟቹ ገጽ እንደተከፈተ ይቆያል፤ በየዓመቱም በልደቱ ቀን «መልካም ልደት፣ ሺህ ዓመት ኑርልን» የሚሉ መልእክቶች ይለጠፉበታል። ከለጣፊዎቹ መካከል መሞቱን ገና ያልሰሙ ይገኙበታል።